ኅዳር ሲታጠን ደሴ ነበርኩ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፦ ኮምቦልቻ

አክስቴ አልማዝ "ለኅዳር ሚካኤል ካልመጣሽ ከእንግዲህ አትምጪ" ብላኝ ነበር። "በመኪና ግን እንዳትሞክሪው" የሚል ማስጠንቀቂያም አስከትላለች። ስለዚህ በአውሮፕላን ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው። ቀበቶ አሰርን፣ ውሃ ጠጣን፣ ወረድን።

በግራ በኩል የመስኮት ወንበር ስለደረሰኝ መንገዱን ሙሉ ምዕራብ ምዕራቡን ሳይ ነበር። አድማሱ ላይ ቡናማ መስመር ተዘርግቷል። ደመና አይደለም። ከላዩ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከሥሩ ያሉት ተራሮች ግን ደብዝዘዋል። ሥራዬ ከአካባቢ ጤና ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ አለቀልኝ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሊያጫውተኝ ሞክሮ ተስፋ ቆረጠ።

ኅዳር ከሰሐራ በታች ያለው ሣር ደርቆ መቃጠል የሚጀምርበት ወር ነው። ከሴኔጋል ተነስቶ በደቡብ ሱዳን አድርጎ እስከ እኛው ምዕራብ ጠረፍ ድረስ እሳቱ እስከ የካቲት ይዘልቃል። አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ የሚለኩስ አለ፣ ማሳ የሚመነጥር አለ፣ አውሬ የሚያድን አለ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም። ሰደድ እሳት ሲባል ሁሉም የሚያነሳው በ2023 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተቃጠለውን 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ነው። ያኔ ጭሱ ኒውዮርክ ገብቶ ሰማዩን ብርቱካናማ ሲያደርገው ፎቶውን ያላየ የለም። የእኛ ሣር በየዓመቱ ስለሚቃጠል ዜና አይሆንም። ያየሁት መስመር ከዚያ የመጣ ይሁን ከራሳችን ምድጃና አቧራ በዓይን አይለይም። አንዴ አየር ላይ ከወጣ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። አዲስ አበባ ጠዋት ላይ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር የለበስኩት።

ምሳ ዋናው መንገድ ዳር በላሁ። ጥብስ 450 ብር። ሰፈሬ በዚህ ብር የሚያቀርቡልኝ ግማሹን ነው። በረንዳ ላይ መቀመጤ ነው ጉዱ። መንገዱ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጂቡቲ የሚወጣ የከባድ መኪና መንገድ ነው። አንድ ተሳቢ እያጓራ ሲመጣ አስተናጋጇ ሳትጠየቅ ሮጣ ሳህኔን በሌላ ሳህን ከደነችልኝ። አቧራው ሲያርፍ መጥታ ከፈተችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። ለምዳዋለች።

አቧራው እንኳ ያን ያህል አያስፈራም። ትልልቁን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዘዋል። ክፉው ፒ ኤም 2.5 የሚባለው ነው፤ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጥፍ ገደማ የሚያንስ ብናኝ። እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል፣ ከዚያም ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዓመት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም አይለፍ ይላል። ከዓለም ሕዝብ 99 ከመቶው ግን ከመመሪያው ያለፈ አየር ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ለብቻዋ ጣት አልቀስርም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ብረታ ብረት አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከተቀመጥኩበት ራቅ ብሎ አንድ የጭስ ማውጫ ስስ ነጭ ነገር ይተፋል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ እንፋሎት ነው። ሰው ጥቁር ሲያይ ይደነግጣል፣ ነጭ ሲያይ ይረጋጋል። ችግሩ የማይታየው ላይ ነው። ድንጋይ ከሰል ወይም ከባድ ጥቁር ናፍጣ ሲቃጠል የሚወጣው የድኝ ጋዝ ቀለም የለውም። አየር ላይ ሲቆይ ነው ወደ ብናኝ የሚለወጠው። ከእበትና ከማዳበሪያ የሚተነው አሞኒያ ደግሞ ይቀላቀለዋል። አውሮፓ ውስጥ ከዋነኞቹ የብናኝ ምንጮች አንዱ እርሻና ከብት እርባታ መሆኑን ስሰማ እኔም ገርሞኝ ነበር። ላም ታጨሳለች ብሎ ማን ያስባል?

ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ። ለአባዱላ 100 ብር ከፈልኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2,500 ሜትር ድረስ የሚወጣ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ከፊታችን አንድ ሲኖትራክ እንደ ኤሊ ይሳባል። ለመቅደም ቦታ የለም። መስኮት ሲከፈት ጭሱ ይገባል፣ ሲዘጋ ሙቀቱ ይገድላል። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ "ክፈት" "ዝጋ" ሲባባል ሐረጎ ደረስን። እዚያ የእኛም መኪና ጉልበት አጣ። ሾፌሩ አንድ ጎሚስታ አጠገብ አቆመ።

ረዳቱ የአየር ፊልትሮውን ፈቶ ድንጋይ ላይ ደጋግሞ መታው። ጎሚስታው ኮምፕረሰሩን አስነስቶ ይነፋበት ጀመር። መጀመሪያ የወጣው ቀይ አቧራ ነው፤ ወጣና ጫማችን ላይ አረፈ። ቀጥሎ ጥቁር መጣ። እሱ አይወርድም። ፊታችን ላይ ተንሳፍፎ ቆየ። ጠጋ ብዬ ጣቴን በፊልትሮው እጥፋት መካከል ሰደድኩት። አቧራው ሻካራ ነው። ጥቁሩ አይሻክርም፤ ልስልስ ያለ ቅባት ነገር ነው። በሶፍት ስጠርገው ተለቀለቀ እንጂ አልለቀቀም። በሳሙናም ማታ ብቻ ነው የለቀቀኝ፣ ያውም ከጥፍሬ ሥር ትቶ።

ነገሩ ዑደት ነው። ፊልትሮ ሲታፈን ናፍጣው አየር ያጥረዋል። በደንብ ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የፊተኛው መኪና ያወጣውን የኋለኛው ይስበዋል፣ እሱም ይታፈንና በተራው ያጨሳል።

"ለምን አዲስ አትገዛለትም?" አለችው አንዲት ተሳፋሪ።

"ፊልትሮ ስንት እንደገባ ብታውቂ እንዲህ አትይኝም" አለ ሾፌሩ።

ጋቢና የተቀመጡ አዛውንት ሳቁ። "ተወው ልጄ፣ መኪናውስ ፊልትሮ አለው። እኛ ነን የሌለን።"

ቆመን ሳለ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ አለፈችን። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ክፍለ አገርም እየተለመደች ነው። ጭስ የላትም። ጎማዋና ፍሬኗ ግን ይፋቃሉ፤ እሱም ብናኝ ነው። ያም ሆኖ ከሲኖትራክ ኋላ ከመሄድ ከእሷ ኋላ መሄድ ይሻላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፦ ደሴ

ንግሡ ከዓርብ ጋር በመግጠሙ ምሳው ጾም ሆነ። አክስቴ በዚህ ተበሳጭታለች፤ "ለአንቺ ብዬ ያደለብኩት ዶሮ እሁድን ይጠብቅ" አለች። ጠዋት ታቦት ሸኘን። ቀትር ላይ ጎረቤቷ እትዬ ዘሀራ ልጆቻቸው ከጁምዓ ሲመለሱ ቡና ጠሩን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዕጣኑ እንደ ጉድ ይጨሳል። ዕጣንም ብናኝ ነው ብል ከደሴ የሚያስወጡኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። እንደዚያ ያለ ቡና ግን አዲስ አበባ በ40 ብር ሲኒ አልጠጣሁም።

ከሰዓት አይጠየፍ አዳራሽን አየሁ፣ ፒያሳን ዞርኩ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ማታውን ነው የምፈልገው።

ኅዳር 12 ማታ ቆሻሻ ይቃጠላል። ነገሩ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከገባው ወረርሽኝ ነው። ዓለም የስፔን ጉንፋን ይለዋል፤ እኛ የኅዳር በሽታ አልነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግቢ ይጠረጋል፣ ሰፈር ይጸዳል፣ የተሰበሰበው ይለኮሳል፤ ኅዳር ይታጠናል። መጥረጉ እስካሁን ድረስ የሚያኮራ ነገር ነው። ያኔ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ ግን ፌስታል ነው፣ የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ ያረጀ ጫማ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሸዋ በር አካባቢ ያለው መንገድ በየሃያ እርምጃው እሳት ሆነ። አንድ ጎረምሳ የባጃጅ ጎማ እያንከባለለ መጣ። "ማሙሽ፣ እሷን እንኳ ተዋት" አልኩት። "እትዬ፣ ያለ ጎማማ አይደምቅም!" ብሎ ወረወራት። ጥቁር ጭስ ግድግዳውን እየላሰ ወጣ። አክስቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ትጠርጋለች። እሳቱ አጠገብ የቆሙ ሽማግሌ "በሽታ የሚፈራው ይህን ነው" አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። የጤና ባለሙያ በየዓመቱ አታቃጥሉ ይላል፣ ሰፈሩ በየዓመቱ ያቃጥላል። በአንድ ምሽት በእኔ ንግግር የሚለወጥ ነገር አይደለም።

ደሴ ላይ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት። ኅዳር ሌሊት ብርዱ ከተራራው ወርዶ ሸለቆው ላይ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይደፋበታል። ጭሱ መውጫ የለውም። ለንደንን በዲሴምበር 1952 የጨረሳት ይኸው ነው፦ ብርድ፣ ነፋስ አልባ ቀን፣ በየቤቱ የሚነድ ድንጋይ ከሰል። አምስት ቀን ቆየ። መጀመሪያ 4,000 ሰው ሞተ ተባለ፤ በኋላ ሲጠና ቁጥሩ እስከ 12,000 እንደሚደርስ ተገመተ። እንግሊዞች የንጹህ አየር ሕጋቸውን ያወጡት በ1956 ነው። እኛ ጋ የአንድ ማታ ነገር ስለሆነ እግዜር ይመስገን። ግን አራት ሰዓት ላይ ስተኛ ብርድ ልብሱም ጎማ ጎማ ይሸት ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፦ ሐይቅ

ጠዋት ከአክስቴ በር ላይ ጦሳ አይታይም። እትዬ ዘሀራ ሲያስሉ አደሩ። "አብሽሪ፣ ይለቀኛል" አሉኝ።

የሰይድን መኪና ይዘን ወደ ሐይቅ ወጣን፤ ሰይድ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ነው። ነዳጁን እኔ ሞላሁ፣ እሱ ሌላ አልቀበልም አለ። ከከተማው ወጥተን መንገዱ ከፍ ሲል ዞር ብዬ አየሁ። ግራጫ ነገር ሸለቆውን ሞልቶ ጫፉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከመስመሩ በላይ ያለው ጦሳ ፀሐይ እየሞቀው ነው።

ሐይቅ አካባቢ ማሽላ እየታጨደ ነበር። አንድ ገበሬ አገዳ በአህያ ጭኖ መንገድ ሲያቋርጥ ቆምንለት። ወግ ጀመርን። ሰይድ "እሷ ስለ ጭስ ነው የምትማረው" ብሎ አስተዋወቀኝ። እኔም አፌን አላስቻለኝም፤ ሕንድ ውስጥ ፑንጃብና ሃሪያና የሚባሉ አገሮች እንዳሉ፣ ገበሬዎቹ በጥቅምትና በኅዳር የሩዝ ገለባቸውን ማሳ ላይ እንደሚያቃጥሉት፣ ጭሱም ዴልሂ ድረስ እንደሚሄድ አወራኋቸው።

ሰውዬው አህያዋን አቆሙ። "ገለባውን? ከብት የላቸውም?"

"አላቸው። ግን ሩዙን በኮምባይነር ነው የሚያጭዱት፤ ቅሪቱ መሬት ላይ ቆሞ ይቀራል። ስንዴ ለመዝራት ደግሞ ጊዜው አጭር ነው።"

ጊዜው ያጠረበት ምክንያት ራሱ የሚገርም ነው። የፑንጃብ መንግሥት የከርሰ ምድር ውሃ አለቀብኝ ብሎ በ2009 እ.ኤ.አ. ሩዝ ክረምቱ እስኪቀርብ እንዳይተከል የሚል ሕግ አወጣ። ተከላው ሲዘገይ አጨዳው ዘገየ፤ በአጨዳውና በስንዴው ዘር መካከል የቀረው ጥቂት ሳምንት ሆነ። ገበሬው ክብሪት አነሳ። ውሃ ልታደግ የተባለው ሕግ ጭስ ጨመረ።

ሰውዬው አገዳቸውን እንደ ልጅ መታ መታ አደረጉት። "ይኸ እኮ የበሬዬ ስንቅ ነው። የተረፈው የሚስቴ ማገዶ ነው። አቃጥለው ቢሉኝ የማብድ ይመስለኛል።" ልብ አድርጉ፣ የተረፈው ማገዶ ነው አሉ። ማሳ ላይ አያቃጥሉትም፣ ማጀት ውስጥ ነው የሚያቃጥሉት።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማያስገባ ሰይድ ሄዶ ሲሳለም እኔ ሐይቁ ዳር ቀረሁ። ሰይድ ሙስሊም ነው፤ ወሎ ላይ ይህን የሚጠይቅ የለም። የዓሣ ጥብስ ለሁለት አዘዝን፣ 600 ብር። ትኩስ ነው፣ ሎሚና ሚጥሚጣ አለው። ከአዲስ አበባው በረዶ ለበስ ዓሣ ጋር አላወዳድረውም። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ንጹህ ነበር። እስከ ከሰዓት ተቀመጥን።

እሁድ፣ ኅዳር 14፦ ማጀት

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ቅበላ ነው። ዶሮው በመጨረሻ ተራው ደረሰ። አክስቴ እንግዳ ጠርታለች፣ ሊጡ ቡፍ ብሏል፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ተሰክቷል። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይፈልጋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ለቅበላ ሲሰካ ምን ይሆናል ብዬ ነበር።

"በይ ተነሺ፣ ወደ ጓሮ" አለች አክስቴ።

የጓሮው ማጀት በጭቃና በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው። ማገሮቹ ጥቁር ብቻ አይደሉም፣ ያብረቀርቃሉ። ከእነሱ ላይ ጥቀርሻ እንደ ክር ተንጠልጥሏል፤ በሩ ሲከፈት ይወዛወዛል። አክስቴ ሦስቱ ጉልቻ መካከል ኩበት ደርድራ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጨምራ ለኮሰች። መጀመሪያ እሳት አልመጣም። ጭስ ነው የመጣው፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ከኩበቱ ጎን እየተጠቀለለ። ጎንበስ ብላ እፍ አለች። እፍ የምትለው ከእሳቱ አንድ ስንዝር ተጠግታ ነው። እፍ ካለች በኋላ ደግሞ አየር መሳብ አለባት፣ የምትስበውም ያንኑ ነው።

ምጣዱን አሰሰች፣ ሊጡን አዞረች፣ አክንባሎውን ደፋች። በአክንባሎው ዙሪያ እንፋሎት፣ ከምጣዱ ሥር ጭስ። ለእኔ አንዱን ጋገሪ ብላ ሰጠችኝ። ዓይኔ በእንባ ስለተሞላ ሊጡን ያዞርኩት ግማሹን ውጪ ነው። "ይቺ የኤሌክትሪክ ልጅ!" ብላ ሳቀች፣ ሳለች፣ እንደገና ሳቀች። እኔ በየሁለት እንጀራው እየወጣሁ ተነፈስኩ። እሷ ሊጡ እስኪያልቅ አልወጣችም።

ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰው በዓለም ላይ እንዲህ ነው የሚያበስለው፤ በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰል፣ በላምባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው እንደቀጠፈ ይገምታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ የውጭውን አየር ብክለት በየምንጩ ከፍሎ ሲያየው፣ በዓለም ደረጃ ብዙ ሰው የሚገድለው የፋብሪካም የመኪናም ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ምድጃና ማሞቂያ የሚወጣው ሆኖ ተገኝቷል። ከየጣሪያው የሚወጣው ጭስ ተደምሮ ማለት ነው።

እንግዶች በልተው ቡና ላይ ሳለን የሰይድ ስልክ ጮኸ። አፋር ውስጥ፣ ከኤርታሌ ብዙ ሳይርቅ፣ ሃይሊ ጉቢ የሚባል እሳተ ገሞራ ረፋዱን ፈንድቷል። ከዚህ በፊት ሲፈነዳ የተመዘገበ ታሪክ የለውም። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ተወርውሯል። ሁሉም ስልኩን አወጣ። ቪዲዮው በእርግጥ ያስደነግጣል። አንዷ እንግዳ "መስኮት ዝጉ፣ ይመጣብናል!" አለች። አክስቴ ተነስታ የሳሎኑን መስኮት ዘጋች።

ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ አመዱን ወደ ቀይ ባሕርና ወደ የመን ነው የወሰደው። መከራውን ያዩት አፍዴራ አካባቢ ያሉት አርብቶ አደሮች ናቸው፤ መንደሩ አመድ ለበሰ፣ ግጦሹ ተቀበረ። ለእኛ ግን ደሴ ላይ ምንም አልመጣም። ከማጀቱ የመጣው ግን ገና ልብሳችን ላይ ነበር። ከምሳ በፊት ተራራው ያን ሁሉ አመድ ሲተፋ አክስቴ ጓሮ ሆና እፍ እያለች ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ከብዛቱ ይልቅ ርቀቱን ነው የማየው። 14 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ አመድ ለአውሮፕላን ነው የሚያሰጋው። አንድ ስንዝር ላይ ያለ ኩበት ለአክስቴ።

መስኮቱን ከፈትኩት። ማንም አላየኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፦ ሰኞ ገበያ

የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ቁርስ ተልባ ፍትፍት። ከዚያ ሰኞ ገበያ። ኩበት በጆንያ፣ ጭራሮ በሸክም፣ ከሰል በማዳበሪያ። ከሰል ሻጩ "ከቆላ የመጣ የግራር ነው፣ አያጨስም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኛ ቤት ሲደርስ ብዙ አያጨስም። ጭሱን ቆላ ላይ፣ እንጨቱ አፈር ውስጥ ሲከስል ለአክሳዩ ትቶለት መጥቷል። የማይሸት ገዳይ ጋዝ ግን ይዞ ነው የሚገባው፤ በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ስንቱን ቤተሰብ ጨርሷል።

ምርጥ ምድጃ የሚሸጥበትን ሰይድ ያውቀዋል። ከሲሚንቶና ከገረጋንቲ በቁርጥራጭ ተሠርቶ ሲገጣጠም ክብ የሚሆን ነገር ነው። እሳቱን አጥሮ ከምጣዱ ሥር ያቆየዋል፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። 1,300 ብር አሉ፣ በ1,100 ተስማማን። ባጃጅ በኮንትራት 250 ብር። ኮብልስቶኑ ላይ ስንንጓጓ አንደኛው ቁራጭ ተሰነጠቀ። ባለባጃጁ "እኔ ምን ላድርግ፣ መንገዱን ጠይቂ" አለኝ።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ጮኸች። "አፈር ስሆን! ለእኔ ብለሽ ይህን ሁሉ ብር?" ቀጥላ ዞረችው፣ ዳሰሰችው፣ ስንጥቁ ላይ ቆመች። "እና ይኸ የተሰበረው ቅናሽ የለውም?" ሰይድ በሲሚንቶ ለጠፈው። ምጣዱ ትንሽ አነሰ፤ ክፍተቱን በጭቃ ሞላነው። የጭስ መውጫው በግድግዳው በኩል ሆነና ጭሱ መልሶ ፊታችን ላይ መጣ። አዞርነው። አሁንም ከቤቱ የሚወጣበት የለም። ሰይድ መሰላል አምጥቶ ቆርቆሮውን ሊበሳ ሲል አክስቴ "ዝናብ ሲመጣ በአንተ ላይ ይፍሰስ?" ብላ መሰላሉን ያዘች። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ከጣሪያው ሥር ካለው ግድግዳ ላይ ተበሳ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፦ መልስ

ቁልቁለቱ ላይ ያለው ሽታ ሌላ ነው፤ የጋለ ፍሬን። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ሁሉ ስለ አመዱ ያወራል። ሌሊቱን ዴልሂ ሰማይ ደርሶ በረራዎች ተሰርዘዋል። ዴልሂ እንደሆነች በዚህ ወቅት የራሷ ጭስ አይጠፋትም። አመዱ ከፍ ብሎ ነበርና መሬት ላይ ያለውን አየር ብዙ አልነካውም። የእኛ በረራ በሰዓቱ ተነሳ።

ባለፈው እሁድ አክስቴ ደወለች። ማገዶው በርክቷል፤ ለወር የሚሆን ኩበት እስካሁን አላለቀም። ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ጭራሮው ርጥብ ከሆነ ያው ነው። እትዬ ዘሀራ አይተው ወደውታል። ሰኞ ገበያ ሄደው ለራሳቸው ገዝተዋል፣ ያልተሰነጠቀ፣ በ1,000 ብር። አክስቴ መቶ ብር ተበልተሻል እያለች ትስቅብኛለች።